ዘፈኑ ነው ልጁን ያበላሸው?

በገናና ክራር የአንድ ቤተሰብ መሣሪያዎች ናቸው። ሁለቱም ቆዳ የተወጠረበት የድምፅ ሳጥን፣ ሁለት ቋሚና አንድ አግዳሚ እንጨት አላቸው፤ በአንዱ ላይ ዐሥር፣ በሌላው ላይ አምስት ወይም ስድስት አውታር ይወጠራል። ይሁንና በቆየው እምነታችን በገና ለዳዊት ከፈጣሪ የተሰጠ፣ ነፍስን ወደ ጸሎት የሚስብ ሲሆን፣ ክራር ግን የሰይጣን መሣሪያ ነው ሲባል ኖሯል። ክራር ሲነካካ የተገኘ የጨዋ ልጅ «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ተብሎ ይገሠጽ ነበር። በግሪክም ፕላቶን ስለ መልካም አገር አስተዳደር ባሰፈረው መጽሐፉ የልቅሶና የመጠጥ ቤት ቅኝቶች ሰውን ያልፈሰፍሳሉና ከከተማዋ ይውጡ፣ ጀግንነትንና ጨዋነትን የሚያሰርጹት ሁለቱ ብቻ ይቅሩ የሚል ሐሳብ አስፍሯል።

ዛሬ ክራርን የሚፈራ ጥቂት ነው። ፍርሃቱ ግን አልጠፋም፤ ወደ ልጁ ስልክና ወደ ጆሮ ማዳመጫው ተዛውሯል። ወላጅ ራፕ ሲሰማ ይደነግጣል፣ ክላሲካል ሲሰማ ተስፋ ያደርጋል፣ ትዝታ የሚያዘወትር ወጣት ካየ «ምን ሆኖ ነው?» ይላል። በዚህ ምክንያት ተኳርፈው የሚኖሩ አባትና ልጅ ስለማውቅ ነገሩ ያሳስበኛል። ላለፉት ዐርባ ዓመታት ተመራማሪዎች ይህን ጥያቄ ደጋግመው ፈትሸውታል። ያገኙት መልስ ሙዚቃ በስሜታችን ላይ ያለው ሥልጣን ብርቱ ግን አጭር፣ በባሕርያችን ላይ ያለው ደግሞ ከምንገምተው እጅግ ያነሰ መሆኑን ያሳያል። እኔ እንደተረዳሁት አመለካከትን የሚቀርጸው ሙዚቃው ለብቻው ሳይሆን ሙዚቃውን አብሮን የሚሰማው ሰው ነው። በየቤቱ የሚነገሩትን እምነቶች ከዚህ አንጻር እንያቸው።

«ሞዛርት የሰማ ሕፃን ብሩህ ይሆናል»

ዩቲዩብ ላይ ለሕፃናት አእምሮ ማበልጸጊያ ተብለው የተጫኑ፣ ሰዓታት የሚፈጁ የክላሲካል ሙዚቃ ቅጂዎች ሞልተዋል። ማዳመጫውን ሆዷ ላይ አድርጋ ላልተወለደ ልጇ የምታሰማ እናትም አለች። የዚህ ሁሉ ምንጭ አንዲት አጭር ጽሑፍ ናት።

እ.ኤ.አ. በ1993 ፍራንሲስ ራውሸርና ሁለት ባልደረቦቿ ኢርቫይን በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ 36 ተማሪዎችን ሰበሰቡ። ተማሪዎቹ ለ10 ደቂቃ አንዴ የሞዛርትን የሁለት ፒያኖ ሶናታ፣ አንዴ የማረጋጊያ ንግግር፣ አንዴ ዝምታን እንዲያዳምጡ ከተደረገ በኋላ ወረቀት ታጥፎና ተቆርጦ ሲዘረጋ ምን እንደሚመስል በሐሳብ እንደ መገመት ያሉ ፈተናዎች ወሰዱ። ከሞዛርት በኋላ ውጤታቸው ከ8 እስከ 9 የአይኪው ነጥብ በሚመጣጠን መጠን ከፍ አለ። ጥቅሙም ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይቶ ጠፋ። በጥናቱ ውስጥ አንድም ሕፃን አልነበረም፤ የተለካውም አጠቃላይ ብልህነት አልነበረም። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ከዚያ ያለፈ ነገር አልተናገሩም።

ወሬው ግን ከጥናቱ ቀድሞ ሮጠ። በ1998 የአሜሪካዋ ጆርጂያ ክፍለ ግዛት ገዥ ዜል ሚለር በግዛቱ ለሚወለድ ሕፃን ሁሉ የክላሲካል ሙዚቃ ሲዲ ለማደል ከምክር ቤቱ 105,000 ዶላር ጠየቁ፤ ለእንደራሴዎቹም ከቤትሆቨን ሥራ ቀንጭበው አሰሟቸው። በዚሁ ጊዜ ሌሎች ተመራማሪዎች ሙከራውን እየደጋገሙ ነበር። ካናዳዊው ግሌን ሸለንበርግ ሞዛርትን ከስቲቨን ኪንግ ልብ ወለድ ትረካ ጋር አወዳደረ። ሙዚቃውን የወደዱት ከሙዚቃው በኋላ፣ ትረካውን የወደዱት ደግሞ ከትረካው በኋላ የተሻለ ሠሩ። ብሪታንያ ውስጥ ዕድሜያቸው 10 እና 11 የሆኑ ልጆች ሲፈተኑም ሞዛርትን ከሰሙት ይልቅ ብለርን የመሳሰሉ የዘመኑን የፖፕ ባንዶች የሰሙት በለጡ። ምስጢሩ ሰው ደስ ያለው ነገር ሲሰማ መነቃቃቱ፣ የነቃ ሰው ደግሞ ለጥቂት ደቂቃ ቀልጠፍ ማለቱ ነው። በ2010 የቪየና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 40 ገደማ ጥናቶችን ደምረው ሲመረምሩም ሞዛርት ከሌላ ሙዚቃ የተለየ ኃይል እንዳለው የሚያሳምን ነገር አላገኙም።

ታዲያ ፅንስ ምንም አይሰማም ማለት አይደለም። የቤልፋስቱ ተመራማሪ ፒተር ሄፐር እናቶቻቸው በእርግዝና ወቅት አንድ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ያዘወትሩ የነበሩ ጨቅላዎች በተወለዱ በ2ኛውና በ4ኛው ቀን መካከል የድራማውን መክፈቻ ዜማ ሲሰሙ ጸጥ ብለው እንደሚያዳምጡ አሳይቷል። ልጁ ዜማውን ለይቶታል። በ21ኛው ቀን ግን ረስቶታል። ሕፃኑ በማህፀን ሳለ ከሁሉ ይልቅ የሚለምደው የእናቱን ድምፅ ነው፤ ለእርሱ ደግሞ ማዳመጫ አያስፈልግም። እናትየው እሹሩሩ ማለት ከፈለገች ትበል፤ ስለምትወደው እንጂ ነጥብ ስለሚያስቆጥር አይሁን።

መሣሪያ መማርስ? በ2004 በ144 የስድስት ዓመት ልጆች ላይ የተደረገ የሸለንበርግ ጥናት ለአንድ ዓመት የሙዚቃ ትምህርት የወሰዱት በአይኪው ጥቂት ነጥብ እንደበለጡ አሳይቶ ነበር። ከ50 በላይ ጥናቶች በ2020 ተሰባስበው ሲመዘኑ ግን የሙዚቃ ተማሪዎቹ ሌላ ነገር ከሚማሩ ልጆች ጋር በትክክል በተነጻጸሩባቸው ጥናቶች ልዩነቱ ከነጭራሹ ጠፋ። ልጅዎ ማሲንቆ ወይም ፒያኖ ቢማር ማሲንቆ ወይም ፒያኖ ይችላል። እኔ ይህ አንሶ አይታየኝም። ሙዚቃን የሒሳብ ማስጠኛ አድርጎ የሚያይ ወላጅ፣ ሒሳቡ ያልተሻሻለ ቀን ልጁን ከሙዚቃው ያስወጣዋል፤ ያንጊዜ ልጁ የሚያጣው ትልቅ ነገር ነው።

«የሚሰማውን ንገረኝ፣ ማንነቱን ልንገርህ»

ጥቂት እውነት አለበት። የፒተር ሬንትፍሮውና የሳም ጎዝሊንግ የ2003 ጥናት ከ3,500 በላይ ሰዎችን መርምሮ አዲስ ነገር የመሞከርና የማወቅ ጉጉት ያላቸው ሰዎች ወደ ጃዝ፣ ክላሲካልና ብሉዝ እንደሚያዘነብሉ፣ ተግባቢዎቹ ደግሞ ሞቅ ያለና የሚያስጨፍር ሙዚቃ እንደሚመርጡ አገኘ። በ2022 የወጣ፣ ከ50 በላይ አገሮች የሚኖሩ ከ350,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናትም ተመሳሳይ ዝንባሌ በየአህጉሩ አይቷል። ነገር ግን ቁርኝቱ በጣም ደካማ ነው። በ2017 የቀደሙት ጥናቶች ተደምረው ሲመረመሩ አብዛኛው ቁርኝት ዜሮን ሊነካ ጥቂት የቀረው ሆኖ ተገኝቷል። የአንድን ሰው የዘፈን ዝርዝር አይቶ ስለ ባሕርዩ መፍረድ በግምት ከመናገር ብዙም አይሻልም።

አቅጣጫውም መታየት አለበት። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት በሰዎች መካከል ካለው የባሕርይ ልዩነት ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ከዘር ውርስ ጋር የተያያዘ ነው። ልጁ የመጀመሪያውን ዘፈን ራሱ ከመምረጡ በፊት ቁጡ ወይም ዝምተኛ፣ ዓይን አፋር ወይም ደፋር መሆኑ መታየት ይጀምራል። ደካማው ቁርኝት ካለም፣ ዘፈኑን የሚመርጠው ያ ባሕርይ ነው።

በእስራኤል ያደጉ ቤተ እስራኤላውያን ወጣቶች ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። በ1990ዎቹ ብዙዎቹ ወደ ሬጌና ራፕ አዘነበሉ፤ ታላላቆቻቸውም «ይህ ሙዚቃ ነው ልጆቻችንን የለወጠብን» ብለው ሊሰጉ ይችሉ ነበር። ነገር ግን በጥር 1996 ኢትዮጵያውያን የሚለግሱት ደም በምስጢር ይጣል እንደነበር ሲታወቅ ሺዎችን አደባባይ ያወጣው ቁጣ ከዘፈን የተገኘ አልነበረም። ምሬቱን ቀን በቀን ኖረውታል። ሙዚቃው የሰጣቸው፣ እንደ እነርሱ በቆዳቸው ምክንያት የተገፉ ሌሎች ሰዎች በዓለም ላይ መኖራቸውንና ለዚያ ምሬት ቋንቋ መኖሩን ነው።

አድማጭ ላይ የምንፈርደው በዘፈኑ ይዘት ነው እንላለን፤ ይህም ቢሆን አጠራጣሪ ነው። አሜሪካዊቷ ካሪ ፍሪድ በ1990ዎቹ ፖሊስ ስለገደለ ወጣት የሚተርክ አንድ የድሮ የባላገር ዘፈን ግጥም ወስዳ ለተለያዩ ሰዎች አስነበበች። ለአንዳንዶቹ «ይህ ራፕ ነው» አለች፤ ለሌሎቹ «የካንትሪ ዘፈን ነው»። ግጥሙ አንድ ነው፤ ራፕ ነው የተባሉት ግን አደገኛና ሊከለከል የሚገባው ሆኖ ታያቸው። ሙከራው ከዓመታት በኋላ ሲደገምም ውጤቱ ተመሳሳይ ነበር። በአሜሪካ የራፕ ግጥም በወንጀል ችሎት በደራሲው ላይ ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ ቆይቷል፤ ካሊፎርኒያ ይህን የሚገድብ ሕግ ያወጣችው በ2022 ነው።

እኛም ከዚህ ንጹሕ አይደለንም። በሠርግ ድንኳን ፉከራና ቀረርቶ ሲነሳ ሽማግሌው ሳይቀር ከመቀመጫው ይነሳል። የሚወራው ስለ ጠመንጃ፣ ስለ ገዳይነት፣ ስለ ወደቀ ጠላት ነው። ከድንኳኑ የወጣው ሙሽራ ሰው ይገድላል ብሎ የሚሰጋ የለም፤ ቅኔውንና ወጉን እናውቃለንና። ተመሳሳይ ግጥም በዋሽንግተን ወይም በአዲስ አበባ ከሚኖር ልጅ ስልክ በእንግሊዝኛ ሲወጣ ግን ሚዛናችንን እንቀይራለን።

«ኃይለኛ ሙዚቃ ጨካኝ ያደርጋል»

በታኅሣሥ 1985 በአሜሪካዋ ኔቫዳ ሁለት ወጣቶች የሜታል ባንዱን የጁዳስ ፕሪስትን አልበም ሲሰሙ ከቆዩ በኋላ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞከሩ፤ አንዱ ወዲያው፣ ሌላው ከዓመታት በኋላ ሞቱ። ቤተሰቦቻቸው ባንዱን ከሰሱ። በአንደኛው ዘፈን ውስጥ ጆሮ በግልጽ የማይለየው ትእዛዝ ተደብቋል የሚል ክስ ነበር። በ1990 በሬኖ የተሰየመው ችሎት ተሰማ የተባለው ነገር የድምፆች ድንገተኛ መጋጠም መሆኑን ገልጾ ክሱን ውድቅ አደረገ። ወጣቶቹ በዚያ ቀን ጠጥተው ነበር፤ ሁለቱም በችግር በተሞላ ቤት ያደጉ ነበሩ። የወላጆቹን ሐዘን አቅልዬ አላየውም። የልጅን ሞት ምክንያት አልባ አድርጎ መቀበል የሚችል ወላጅ የለም። ነገር ግን ዘፈኑን መክሰስ ልጁ ሲጨነቅ የነበረባቸውን ዓመታት ከዓይን ይሰውራል።

ዘፈን ወደ ኋላ ሲዞር ሰይጣናዊ መልእክት ይሰማል የሚለው እምነትም ተፈትኗል። ካናዳውያኑ ጆን ቮኪና ዶን ሪድ የእረኛውን የዳዊት መዝሙር በቴፕ ቀድተው ወደ ኋላ አዞሩት። ሰዎች ለብቻቸው ሲያዳምጡ አንዳች ትርጉም አላገኙበትም። «እንዲህ የሚል ቃል ትሰማላችሁ» ሲባሉ ግን ሰሙ። በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ እንኳ የተነገረንን ከሰማን፣ በሌላው ብንሰማ አይገርምም።

ከሌላው ወገን ያለውን ማስረጃ መደበቅ አይገባኝም። በ2003 ክሬግ አንደርሰንና ባልደረቦቹ በአምስት ሙከራዎች ከ500 በላይ ተማሪዎችን ፈትነው፣ ግጥሙ በጥቃት የተሞላ ዘፈን ከሰሙ በኋላ የጥላቻ ስሜትና የጠብ ሐሳብ እንደሚጨምር አሳይተዋል። ግጥም ያለ ጥርጥር ይሠራል። የተለካው ግን ዘፈኑ ካበቃ በኋላ ያለው አጭር ጊዜ ነው፤ የልጁ የነገ ባሕርይ አይደለም። በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ሌላ ጥናት (2015) ደግሞ የኃይለኛ ሜታል ወዳጆች የሆኑ 39 ሰዎችን ሆን ብሎ አናድዶ ከፊሎቹን ሙዚቃቸውን፣ ከፊሎቹን ዝምታን አሰማ። ሙዚቃው ቁጣቸውን አላባባሰውም፤ ዝምታ ካገኙት ባልተናነሰ ተረጋጉ፣ መንፈሳቸውም ተነቃቃ። የ1980ዎቹ የሜታል አፍቃሪዎች ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ሲጠየቁም ብዙዎቹ ከእኩዮቻቸው ያልተናነሰ፣ እንዲያውም የተሻለ ኑሮ የሚኖሩ ሆነው ተገኝተዋል።

ከሁሉ ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው የኔዘርላንድስ ጥናት ነው። ቶም ቴር ቦክትና ባልደረቦቹ 309 ልጆችን ከ12 እስከ 16 ዓመታቸው ተከታተሉ። በ12 ዓመታቸው ጩኸት የበዛበትና እምቢተኛ የሚባል ሙዚቃ የወደዱት በ16 ዓመታቸው ከሱቅ እንደ መስረቅና ንብረት እንደ ማበላሸት ባሉ ጥቃቅን ጥፋቶች የመገኘት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። የሚፈራ ወላጅ ይህን ይዞ «አላልኳችሁም?» ሊል ይችላል። ተመራማሪዎቹ ግን ሙዚቃውን እንደ ምልክት ነው ያዩት። በዚያ ዕድሜ ልጅ ጓደኛውን የሚመርጠው በሙዚቃ ነው፤ ጥፋቱን የሚማረው ከጓደኛው ነው። ማዳመጫውን ብንቀማው ጓደኛው ይቀራል፤ የቀማንበት ልጅ ደግሞ ስለዚያ ጓደኛ ዳግመኛ አይነግረንም።

  

«የሚያሳዝን ዘፈን ያስተክዛል»

ለአብዛኛው ሰው አያስተክዝም። በ2014 ሊላ ታሩፊና ስቴፋን ኬልሽ 772 ሰዎችን ሲጠይቁ ሐዘን ያዘለ ሙዚቃ በብዛት የሚቀሰቅሰው ስሜት ሐዘን ራሱ ሳይሆን ናፍቆት ሆኖ አገኙት። በትዝታ ቅኝት ላደገ ሰው ይህ አዲስ አይሆንበትም፤ ባዕድ አገር በሌሊት ፈረቃ መካከል ትዝታ የሚከፍት ሰው ሊጎዳ ሳይሆን ሊጽናና ነው የሚሻው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ቀድሞውንም በድብርት ላለና አንዱን ሐሳብ ሲያመላልስ ለሚውል ሰው ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው በሚያሳዝን ዜማ ይበልጥ ሊሰምጥ እንደሚችል ጥናቶች ያሳያሉ። እርሱ የሚፈልገው አጠገቡ የሚቀመጥ ሰውና ሐኪም ነው።

«እንግዲያው ሙዚቃ ተራ መዝናኛ ነው»

ይህኛው እምነት ከሁሉ የባሰ ስሕተት ይመስለኛል። ፋሺስት ጣሊያን ሙዚቃን ተራ መዝናኛ አድርጎ አላየውም። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ የጣሊያኑ ገዥ ግራዚያኒ ጠንቋዮች፣ ባሕታውያንና ተዘዋዋሪ ዘፋኞች ተይዘው እንዲገደሉ ሲያዝ፣ ማሲንቆ ከያዘ ሰው ጠመንጃ እንደማይተኮስ ያውቅ ነበር። የፈራው አዝማሪው ከገበያ ወደ ገበያ የሚያደርሰውን ወሬና በዙሪያው የሚሰበሰበውን ሕዝብ ነው።

የሩዋንዳው ሲሞን ቢኪንዲ ታሪክ ከዚህ በተቃራኒ ይቆማል። ቢኪንዲ ታዋቂ ዘፋኝና የውዝዋዜ ቡድን መሪ ነበር። ዘፈኖቹ በ1994 በቱትሲዎች ላይ ጥላቻ ሲረጭ በነበረው አርቲኤልኤም ሬዲዮ ደጋግመው ይሰሙ ነበር። አሩሻ የተሰየመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ዘፈኖቹ ጥላቻን ለማነሳሳት እንደዋሉ ተቀበለ። በታኅሣሥ 2008 የ15 ዓመት እስራት የፈረደበት ግን በዘፈኖቹ አልነበረም፤ በሰኔ 1994 መኪና ላይ ሆኖ በድምፅ ማጉያ ሕዝቡ ቱትሲዎችን እንዲፈጅ በቀጥታ በመናገሩ ነው። ፍርዱን ባሰብኩት ቁጥር ዳኞቹ ትክክለኛውን ቦታ የነኩ ይመስለኛል። ዜማው መሬቱን ያለሰልሳል። ገዳይ የሚያደርገው ግን ከዜማው ቀጥሎ የሚመጣው ትእዛዝ፣ ታጥቆ የቆመው ጎረቤትና እምቢ ያለውን የሚጠብቀው ቅጣት ነው። ፉከራም በሠርግ ድንኳን ጨዋታ የሚሆነው፣ በጦር ሜዳ ደግሞ ክንድ የሚያበረታው ለዚህ ነው፤ ግጥሙ ያው ሆኖ የከበበው ሰው ይለያያል።

ለመልካሙም ነገሩ ይኸው ነው። በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ14 ወር ሕፃናትን አቅፈው ለሙዚቃ እያነጠሩ፣ ከፊት ለፊት የቆመች ሴት አንዳንዴ ከሕፃኑ ጋር እኩል፣ አንዳንዴ ሳትገጥም እንድትወዛወዝ አደረጉ። ሴትዮዋ ቆየት ብላ ዕቃ ጣል ስታደርግ፣ እኩል የተወዛወዘችላቸው ሕፃናት ዕቃውን አንስተው የመስጠት ዝንባሌያቸው ጎልቶ ታየ። ሙዚቃው ለሁሉም አንድ ነበር፤ ልዩነቱ የመጣው አብሮ ከመንቀሳቀስ ነው። በእንግሊዝም የማይተዋወቁ አዋቂዎች መዝሙር፣ እጅ ሥራና ድርሰት ለመማር በተለያዩ ክፍሎች ሲመዘገቡ፣ በአጭር ጊዜ ከሁሉ ቀድመው የተቀራረቡት አብረው የዘመሩት ነበሩ። ደቦ ሲወጣ ለምን እንደሚዘፈን፣ ማኅሌት ላይ መቋሚያው ለምን በአንድ እንደሚነሳ የሚያውቅ ማኅበረሰብ ይህን በልምድ ያውቀዋል።

ዳያና ቦየርና አሚና አቡበከር በኬንያ፣ በፊሊፒንስ፣ በኒው ዚላንድና በጀርመን 760 ወጣቶችን ጠይቀው ነበር። ከቤተሰባቸው ጋር ሙዚቃ የሚሰሙት፣ ቤተሰቡን ይበልጥ የተሳሰረ አድርገው ያዩት ነበር። በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ከወላጃቸው ጋር ዘፈን ይሰሙ ወይም ኮንሰርት ይሄዱ የነበሩ ልጆች አድገው ከቤት ከወጡም በኋላ ከወላጃቸው ጋር የተሻለ ቅርበት እንዳላቸው ሲያሳይ፣ የበለጠውን ክብደት የያዘው በሕፃንነት ሳይሆን በጉርምስና ዕድሜ አብሮ መስማታቸው ነበር። ያ ዕድሜ ደግሞ በእኛ ቤት አባት «ዝጋው!» የሚልበት፣ ልጅም በሩን የሚዘጋበት ዕድሜ ነው።